ጥያቄ የተጻፈበት ሳጥን

ስለ ቪዲዮ ጌም አንድ ነገር መጻፍ እንዳማረኝ ለአንድ ወዳጄ ባጫወትኩት ጊዜ ሳቀብኝ። «ስለ ቅኔና ስለ ልቦለድ ስትጽፍ ኖረህ፣ አሁን ደግሞ ሳጥን በጭንቅላቱ እየመታ ስለሚዘል ሰውዬ ልትጽፍ?» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም፤ መልሱን ለእናንተ፣ ለአንባቢዎቼ፣ ላቆየው ብዬ ነው። ይሁንና ሁለት ስሕተት አስቀድሜ ላርምለት። አንደኛ፣ ሰውዬው ሳጥኑን የሚመታው በጭንቅላቱ አይደለም፤ ልብ ብሎ ላየው ሰው ሳጥኑን የሚያገኘው ወደ ላይ የተዘረጋው ጡጫው ነው። ሁለተኛ፣ የምጽፈው ስለ ሰውዬው አይደለም። ስለ ሳጥኑ ነው።

ጨዋታው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1985፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 1978 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። ንድፉን ያወጡት ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ ናቸው፤ ዜማውን የደረሰው ኮጂ ኮንዶ ነው። ስምንት ዓለማት አሉት፤ እያንዳንዱ ዓለም አራት ደረጃ አለው፤ በድምሩ 32። ይህ ሁሉ ሰማይና ምድር፣ ይህ ሁሉ ዜማና ጠላት የተቀመጠው 40 ኪሎ ባይት በምታህል ቦታ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦታው ከመጥበቡ የተነሣ በሰማዩ ላይ የሚንሳፈፈው ደመናና በምድር ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ አንድ ዓይነት ሥዕል ናቸው፤ የተለወጠው ቀለማቸው ብቻ ነው። እንዲህ በድህነት የተሠራ ዓለም ውስጥ አንድም ዕቃ ያለ ምክንያት አይቀመጥም። ድሃ ቤት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ ሥራ እንዳለው ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። የዚህ ጨዋታ ጥበብ ያለው በታሪኩ አይደለም። የታገተች ልዕልት፣ የሚያግታት አውሬ፣ የሚያድናት ጀግና፤ ይህ ከተረት ሁሉ ያረጀ ተረት ነው። ጥበቡ ያለው ዕቃዎቹ መልስ በመስጠታቸው ነው። በሥዕል ውስጥ ያለ እንስራ ቢነኩት ቀለም ነው። በልቦለድ ውስጥ ያለ በር ደራሲው ካልከፈተው አይከፈትም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ግን ሳጥኑ ሲመቱት ይሰጣል፣ ጡቡ ይነቃነቃል ወይም ይፈርሳል፣ ቧንቧው ቁልቁል ይውጣል፣ መወጣጫው ክብደት ሲያርፍበት ዝቅ ይላል። ደራሲው አንድም ቃል ሳይናገር በዕቃዎቹ አፍ ያነጋግረናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ስንመዝን ልንጠይቅ የሚገባን «ታሪኩ ምንድን ነው?» ብለን አይመስለኝም። «ዕቃዎቹ ይዋሻሉ ወይስ እውነት ይናገራሉ?» ብለን ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ መክፈቻ እናስታውስ። ማሪዮ ትንሽ ሆኖ በግራ በኩል ቆሟል። ጥቂት እንደተራመደ በሰማዩ ላይ አንድ ሳጥን ብቻውን ተንጠልጥሎ ያገኛል፤ ሳጥኑ ያብረቀርቃል፤ በላዩ የጥያቄ ምልክት አለበት። ምንም መመሪያ አልተጻፈም። ከታች ዘልሎ ሲመታው ሳንቲም ብልጭ ይላል። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ቀጥሎ ጡብና ሳጥን እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። ከእነዚህ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ ያለው ግን ሳንቲም አይደለም፤ እንጉዳይ ነው። አሁን አስቡት። ተጫዋቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ቅርጹ እንጉዳይ የሚመስል፣ ጉምባ የሚሉት ጠላት መጥቶበታል። ይህን ያየ ሰው ከሳጥኑ የወጣውንም ነገር ይፈራዋል፤ ይሸሸዋል። እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ከጡቡ ላይ ይወድቃል፣ ከፊት ለፊቱ ካለው ቧንቧ ጋር ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። የሚሸሸውም ሰው ሳይወድ በግዱ ይነካዋል፤ ሲነካውም ያድጋል። ሚያሞቶ በኋላ ዘመን ራሱ እንዳስረዳው ይህ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ነው። ቧንቧው እዚያ የቆመው ፈሪውን ለመርዳት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ርኅሩኅ መምህር ብዙ አላጋጠመኝም። አልተቆጣም፤ አላሸማቀቀም፤ መልካሙን ነገር እንደገና ወደሚፈራው ልጅ መልሶ ሰደደለት እንጂ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንላለን። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ግን የሰማይዋ ላም ትታለባለች። ምልክቱ ያለበት ሳጥን አንድም ጊዜ ባዶ ሆኖ አያሳፍርም። ወይ ሳንቲም ይሰጣል፣ ወይ ኃይል ይሰጣል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጨዋታው ሐቀኛ ግን ደረቅ ይሆን ነበር። ምልክት የሌላቸውም አሉ። በዚያው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከሌሎቹ በምንም የማይለይ አንድ ጡብ አለ፤ ቶሎ ቶሎ ለሚመታው ሳንቲም በሳንቲም ላይ ይጨምርለታል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው ሌላ ተራ ጡብ ውስጥ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ የማይደፈር የሚያደርግ ኮከብ ተደብቋል። ሰሙ ወርቁን የሚያሳብቅበት ቅኔ አለ፤ የቅኔ ሰዎች ውስጠ ወይራ የሚሉት፣ ላዩ ተራ ንግግር መስሎ ውስጡን የሚሰውርም አለ። ባለ ጥያቄው ሳጥን የመጀመሪያውን ይመስለኛል፤ «እዚህ ወርቅ አለ፣ ፈልግ» ይላል። ተራው ጡብ ግን ሁለተኛውን ነው። ደራሲው መጀመሪያ በሚታየው ምልክት አሠለጠነን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ምልክት በሌለው ፈተነን። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል። ተማሪን ያለ ሰም ወርቅ ፈልግ ማለት ማስተማር አይደለም።

ከዚህም የሚብስ ስውር አለ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በባዶው ሰማይ ላይ፣ ጨርሶ የማይታይ ሳጥን አለ። ከላይ ወይም ከጎን ለሚመጣ ሰው አየር ነው፤ አልፎት ይሄዳል። ከታች ወደ ላይ ለሚዘል ብቻ ይገለጣል። በውስጡ ያለው እኛ ልጆች «ላይፍ» የምንለው፣ አንድ ተጨማሪ ነፍስ የሚሰጠው አረንጓዴ እንጉዳይ ነው። ከላይ ለሚያይ የሌለ፣ ከሥር ለሚመጣ ግን ያለ ነገር!

ይህን የማይታይ ሳጥን በቤታችን መጀመሪያ ያገኘችው እኅቴ ናት። ልጽፍ የተነሣሁበትም እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነው፤ ይህን ለወዳጄ አልነገርኩትም።

በ1987 ዓ.ም. አጎታችን ከጅዳ ሲመለስ የኒንቴንዶ ግልባጭ የሆነ ርካሽ ማሽን አመጣልን። ካሴቱ ነበረው፤ ሁለት ጆይስቲክ ነበረው፤ የመመሪያ መጽሐፍ ግን አልነበረውም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እኅቴ ሰባት። በቤቱ ሕግ መሠረት ተጫዋቹ እኔ ነበርኩ፤ እሷ ተመልካች ነበረች። ተመልካች ስለሆነችም የጥያቄ ብዛት አይጣል ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ሥርዓተ ነጥብ ገና አልተማረችም። «የጥያቄ ምልክት ነው» አልኳት። «ማን ነው የጠየቀው?» አለች። ዝም አልኩ። እንደገና «ማንን ነው የሚጠይቀው?» አለች። እንደገና ዝም አልኩ። የማላውቀውን ነገር አላውቅም ማለት ለታላቅ ወንድም የሚከብድ ሸክም ነው።

አንድ ቀን ሲመሽ ከእናቴ ትእዛዝ ወጥቶ ተራ እንድሰጣት ተገደድኩ። ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድንች ነው የያዘችው። ጉድጓዱን ከሩቅ አይታ ፈራችና ገና ሳይደርስባት ዘለለች፤ እኔም «አበላሸሽው!» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከባዶው ሰማይ ግን ድምፅ ወጣ፤ ሳጥን ተገለጠ፤ አረንጓዴው እንጉዳይ ብቅ አለ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ በኩል ስመላለስ አላየሁትም። እኅቴ ደነገጠች፤ ቀጥላም እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ «የማይታይ ነገር እንዴት እዚያ ኖረ? አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

ጆይስቲኩን ነጠቅኳት። እንጉዳዩን ላሳድድ ስጣደፍ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ጠፋ። በንዴት ዞር ብዬ አናቷ ላይ አንድ ኩርኩም አሳረፍኩባት፤ «ዝም ብለሽ እዪ!» አልኳት።

አላለቀሰችም። ዝም ብላ አየች። ከዚያ ቀን በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ ብዙ ምሽት አይታለች፤ ስለ ጨዋታው ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ስለ ሌላም ነገር እኔን መጠየቅ አቆመች።

በጨዋታው ውስጥ ባለ ጥያቄው ሳጥን ከተመታ በኋላ ምን እንደሚሆን የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ምልክቱ ይጠፋል፤ ብልጭልጩ ይጨልማል፤ ሳጥኑ ደረቅና ድፍን ይሆናል። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ቢመቱት አይሰጥም። ማሪዮ አድጎ ጡብ ሁሉ የሚያፈርስ በሆነበት ጊዜ እንኳ ያን ሳጥን ማፍረስ አይችልም። ሰው ሊረግጠውና ሊሻገርበት ይችል ይሆናል፤ የያዘውን ግን አንዴ ሰጥቶ ተዘግቷል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ማያ ገጹ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚሄደው። በግራ በኩል ያለፈው ሁሉ ከዓለም ይወጣል።

የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንዱ «ይኸው አንተው መሰከርክ፤ ጨዋታው ያስተማረህ መምታትን ነው» ይለኛል። ይህን ክርክር አላቃልለውም። በዚያ ዓለም ውስጥ ከዕቃ ጋር የሚነጋገሩበት ዋናው ቋንቋ ምት ነው፤ ጡብ ማፍረስ 50 ነጥብ ያስገኛል፣ ሳንቲም 200 ነጥብ፤ 100 ሳንቲም የሰበሰበ ነፍስ ይጨመርለታል። ነገር ግን ኩርኩሙን ከማሪዮ አልተማርኩትም። ማሽኑ ከጅዳ ከመምጣቱ በፊት ኩርኩም በቤታችንም በትምህርት ቤታችንም ነበረ። የጠየቀ ልጅ አናቱን ሲባል ያየሁት በማያ ገጹ ላይ አይደለም። እንዲያውም ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ጥያቄ ያለበት ነገር ሲነካ ይሰጣል፤ በእኛ ዘንድ ጥያቄ ያለበት ልጅ ሲነካ ይዘጋል። ጨዋታው ከእኛ የተሻለ ዓለም አሳይቶን ነበር፤ አላነበብነውም እንጂ።

ሌላው ደግሞ «ሐቀኛ ዕቃ ሰውን ያሞኛል፤ ዓለም እንዲህ አይደለችም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። ለዚህ ሰው ጨዋታው ራሱ መልስ አለው። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኒንቴንዶ በጃፓን ሁለተኛውን ክፍል አወጣ። በእሱ ውስጥ ከሳጥኑ የሚወጣው እንጉዳይ አንዳንድ ጊዜ መርዝ ነው። የማይታዩት ሳጥኖችም ለስጦታ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም፤ ዘላዩ አናቱን ተመትቶ ጉድጓድ እንዲገባ በመንገዱ ላይ ተደቅነዋል። እኔ ይህን ክፍል አልጠላውም። የመጀመሪያውን ጠጥቶ ለጨረሰ ሰው የተዘጋጀ የወዳጅ ቀልድ ነው፤ ለሚተማመኑ ሰዎች ብቻ የሚገባ ቀልድ። መርዙ መርዝ ሆኖ የሚያስደነግጠን አስቀድሞ የታመነ እንጉዳይ ስላለ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ፣ የመጀመሪያው ሳጥን መርዝ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ማን ሁለተኛውን ይመታ ነበር? ጥርጣሬ ያለ እምነት አይተከልም። ሕፃን ልጅን በመርዙ የሚጀምር ቤትም ትምህርት ቤትም የሚያተርፈው ጠርጣሪ ሳይሆን የማይዘል ልጅ ነው።

ባለፈው ዓመት እኅቴ ስልክ ደወለችልኝ። የምትኖረው ሲያትል ነው፤ የእኔን የዚያን ጊዜ ዕድሜ የሚያህል ልጅ አላት። ለልጇ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያንኑ ጨዋታ ገዝታለታለች፤ የእሷ ግን ከነመመሪያ መጽሐፉ ነው። ስለ እናታችን ጤና፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ኑሮው ተነጋገርን። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፤

«ወንድም ጋሼ፣ ጡቦቹ ሰዎች እንደነበሩ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አነበበችልኝ። መጽሐፉ እንደሚለው ሰላማዊዎቹ የእንጉዳይ አገር ሰዎች በአውሬው አስማት ወደ ድንጋይ፣ ወደ ጡብና ወደ ሜዳ ተክል ተለውጠዋል። ድግምቱን ልትፈታ የምትችለው ልዕልቷ ብቻ ናት፤ የምትታደነውም ለዚህ ነው። ደግሞም ይላል፤ በመንገድህ ላይ ጡብ የሆኑትን ወይም እንዳይታዩ የተደረጉትን ካገኘሃቸው ኃይል በመጨመር ወሮታህን ይከፍሉሃል።

በእጄ የነበረው ስልክ ከበደኝ። ስንቱን ጡብ ነው በ50 ነጥብ ያፈረስኩት? በእርግጥ ይህን ታሪክ ከጨዋታው በኋላ የተለጠፈ ማመካኛ ነው ብሎ መተው ይቻላል። ማያ ገጹ ላይ ጡቡ ሲፈርስ የሚጮኽ የለም፤ የሚያለቅስ የለም፤ አራት ስባሪ ሆኖ ይበተናል፣ ነጥቡ ይቆጠራል። መጽሐፉ «ሰው ነው» ይላል፤ እጅ «ጡብ ነው» ይላል። ከሁለቱ ማንን እንመን? በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እውነቱ ያለው በእጅ በኩል ነው። ሥነ ምግባር በመቅድም ላይ ስለተጻፈ አይሠራም፤ በምንነካውና በሚመልስልን ነገር ላይ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። ስንት ቤት ነው በመቅድሙ «ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» ተብሎ በእጁ ኩርኩም የሚታደልበት? ስለዚህ ይህ የጨዋታው ጉድለት ነው እላለሁ፤ የማከብረው ሥራ ቢሆንም። ሰው ነው ያሉንን ጡብ ሲፈርስ አንዳች ነገር እንዲሰማን ማድረግ ነበረባቸው።

ይሁን እንጂ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም፤ «እንዳይታዩ የተደረጉት»። ያ እኅቴ ፈርታ ስትዘል ያገኘችው ሳጥን፣ በመጽሐፉ አነጋገር፣ እንዳይታይ የተደረገ ሰው ነበር። ያገኘው ሌላ እንዳይታይ የተደረገ ሰው ነው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ እንዲያይ የታዘዘ።

ይህን በስልክ አልነገርኳትም። «ያን ቀን የመታሁሽን ታስታውሺያለሽ?» ብቻ አልኳት። «የቱን ቀን?» አለችና ሳቀች፤ ቀናቱ ብዙ ነበሩና። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተጠየቀ ይቅርታ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚሰማ የሞከረው ያውቀዋል። ቀጥላም ልጇ ከኋላዋ እየጮኸ አንድ ነገር ሲጠይቃት ሰማሁ። «ቆይ፣ ልጄ እየጠየቀኝ ነው» ብላ ስልኩን አስቀመጠችና ሄደች። ብዙ አስጠበቀችኝ። አልከፋኝም።

ለወዳጄ የምመልሰው እንግዲህ ይህን ነው። ስለ ሳጥኑ የጻፍኩት በልጅነቴ ለተጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ስላልነበረኝ ነው። «ማን ነው የጠየቀው? ማንን ነው የሚጠይቀው?» ብላኝ ነበር። ዛሬ ብትጠይቀኝ እንዲህ እላታለሁ፤ ሳጥኑ አንቺን አይጠይቅም፣ «ጠይቂኝ» ነው የሚለው። በምድር ላይ ደግሞ ይህ ምልክት በግልጽ ተጽፎበት የሚወለድ ፍጥረት አንድ ብቻ ነው፤ ሕፃን። ጨዋታ ብትሠሩ፣ መጽሐፍ ብትጽፉ፣ ቤት ብትመሩ፣ ጥያቄ የተጻፈበትን ነገር የሚነካ ሰው አይፈር፤ የሚጠይቅ ልጅም አይጨልም።

ቸር ይግጠመን።